«አይ ዎርክ» ወይስ «አይ አም ዎርኪንግ»? ሁለቱን የእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜዎች ሳያምታቱ ለመጠቀም

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወዳጄ በሁዳዴ የገጠመውን ልንገራችሁ። የሥራ ባልደረባው ምሳ ሲጋብዘው «አይ ዶንት ኢት ሚት» አለው። ሊል የፈለገው «ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋ አልበላም» ነው። ባልደረባው የተረዳው ግን «እኔ ሥጋ የሚባል ነገር አልበላም» ብሎ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ መሥሪያ ቤቱ ምግብ ባዘዘ ቁጥር ለእሱ አትክልት ለብቻው ይመጣ ጀመር። 55ቱ ቀን አልቆ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወዳጄ የዶሮ ሳንድዊች ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሁሉም ግራ ገባቸው። እሱም ግራ የገባቸው ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም። ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው። የተናገረው ግን ሊናገር ያሰበውን አልነበረም። «አይ አም ኖት ኢቲንግ ሚት ዚዝ ዴይስ» ቢል ኖሮ ሰውየው «እስከ መቼ? ለምን?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ስለ ጾሙም ያወሩ ነበር።

እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ሲምፕል ፕረዘንት ለዘወትር ድርጊት፣ ፕረዘንት ኮንቲኒዩስ አሁን እየተደረገ ላለ ድርጊት ተብሎ ተነግሮናል። ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። አማርኛችን ጊዜን የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው። ግሱን ከአማርኛ ቅርጹ ወደ እንግሊዝኛ እንዳለ ስናሻግረው እንሳሳታለን። እኔ ለብዙ ሰው ሳስረዳ የጠቀመኝ አካሄድ ከዚህ በታች ያለው ነው። በቅደም ተከተል ሂዱበት።

ደረጃ 1፦ «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ

አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ስለ ድርጊቱ ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ። ነገሩ ሁሌም ያለ፣ የተለመደ፣ ማብቂያው የማይታያችሁ ከሆነ ሲምፕል ፕረዘንት ነው። ተጀምሮ ገና ያላለቀ፣ ለጊዜው ብቻ የሆነ፣ ማብቂያው ከፊታችሁ ያለ ከሆነ ደግሞ «ኢንግ» የሚጨመርበት ኮንቲኒዩስ ነው።

«አዳማ እኖራለሁ» ካላችሁና ኑሯችሁ እዚያ ከሆነ «አይ ሊቭ ኢን አዳማ» በሉ። ቤት እስክታገኙ እህታችሁ ጋ ካረፋችሁ «አይ አም ሊቪንግ ዊዝ ማይ ሲስተር» ነው። ይህን በምትናገሩበት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እህታችሁ ቤት መቀመጥ የለባችሁም። «አሁን» ማለት «በዚህች ደቂቃ» ማለት ብቻ አይደለም። «በዚህ ሰሞን» ማለትም ነው።

ወደ ወዳጄ ምሳ እንመለስ። «ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም» ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ያለ ልማድ ነው። ስለዚህ «አይ ዶንት ኢት ሚት ኦን ዌንስዴይስ ኤንድ ፍራይዴይስ» ይባላል። ሁዳዴ መሐል ላይ ሆኖ ስለዚህ ሰሞን ሲናገር ግን «አይ አም ኖት ኢቲንግ ሚት» ነው። አማርኛው ሁለቱንም «አልበላም» ይላል። ልዩነቱን የሚያወጣው «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

አንዳንዴ ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ካፌ ውስጥ የምትሠራ ልጅ «አይ ዎርክ ኢን ኤ ካፌ» ብትል ሥራዬ ይኸው ነው ማለቷ ነው። «አይ አም ዎርኪንግ ኢን ኤ ካፌ» ብትል ደግሞ ለጊዜው ነው፣ ሌላ ነገር አስቤያለሁ የሚል ስሜት ይሰጣል። ሰሚው ይህን ከአንድ «ኢንግ» ይረዳል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይህን ልብ በሉ።

ደረጃ 2፦ ቅርጹን አስተካክሉ

እዚህ ብዙ አንቆይም። አንድ ነገር ግን ማወቅ ይጠቅማል። በአማርኛ «እየሠራሁ ነው»፣ «እየሠራሽ ነው»፣ «እየሠሩ ነው» እንላለን። «ነው» አይለወጥም። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚነግረን ግሱ ነው። እንግሊዝኛ የዚህ ግልባጭ ነው። «ዎርኪንግ» ቆሞ ይቀራል፤ የሚለዋወጠው ረዳቱ ነው፦ «አይ አም»፣ «ሺ ኢዝ»፣ «ዘይ አር»። ረዳቱን ዘለው «አይ ዎርኪንግ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ያለ ረዳቱ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ። «አይ አም ዎርክ»፣ «አይ አም አግሪ» ሲባል ትሰማላችሁ። ከግስ በፊት «አም» ካለ ግሱ ላይ «ኢንግ» ይኑር። ግሱ «ኢንግ» ከሌለው «አም» አያስፈልገውም። «እስማማለሁ» በቃ «አይ አግሪ» ነው። በሲምፕል ፕረዘንት ጊዜ ደግሞ ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» መጨረሻ ላይ «ስ» ጨምሩ፦ «ሺ ዎርክስ»። ሲጠየቅና ሲካድ ያ «ስ» ወደ «ደዝ» ይሄዳል፦ «ደዝ ሺ ዎርክ?»፣ «ሺ ደዝንት ዎርክ»።

ደረጃ 3፦ «እሠራለሁ» የሚለውን ቅርጽ አትመኑት

«እሠራለሁ»፣ «ትሠራለህ»፣ «ይሠራል» የሚለው ቅርጽ በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ሥራ አለው።

ልማድ ይናገራል፦ «ባንክ እሠራለሁ»። ይህ ቀላል ነው፤ «አይ ዎርክ» ይሆናል።

የአሁኑን ድርጊትም ይናገራል። አንድን ሰው ባልጠበቅነው ቦታ ስናገኘው «እንዴ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» እንለዋለን። የጠየቅነው ስለ ሙያው አይደለም። እንግሊዝኛው «ዋት አር ዩ ዱዊንግ ሂር?» ነው። «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ካላችሁት ስለ ሥራው ይነግራችኋል፦ «አይ አም ኤን አካውንታንት»። እናንተም ተጠያቂ ስትሆኑ ይህን ለዩ። ኤምባሲ ውስጥ ጠያቂው «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ሲላችሁ መተዳደሪያችሁን ንገሩት። እግረ መንገዴን፣ እንግሊዞቹም ከ400 ዓመት በፊት እየሆነ ያለን ነገር በተራው ቅርጽ ይናገሩ ነበር። «ኢንግ» እንዲህ ግዴታ የሆነው ኋላ ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ አነጋገር ጉድለት አይደለም። መንገዱ የተለየ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ሥራ የወደፊት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። «ነገ እመጣለሁ» እንላለን። ቃል በቃል ሲሻገር «አይ ካም ቱሞሮው» ይሆናል። እንዲህ አይባልም። የተቆረጠ ቀጠሮ ከሆነ «አይ አም ካሚንግ ቱሞሮው» በሉ። አዎ፣ «ኢንግ» ለነገም ይሆናል። ትኬት ተገዝቷል፣ ሰው ይጠብቃል፣ ነገሩ አልቆለታል ማለት ነው። እዚያው ቆማችሁ የወሰናችሁት ወይም ቃል የገባችሁበት ከሆነ «አይ ዊል ካም» ይሻላል።

ስለ ነገ እየተናገረ ተራው ሲምፕል ፕረዘንት የሚገባበት አንድ ቦታ አለ። እሱም የጊዜ ሰሌዳ ነው። አውቶቡስ፣ አውሮፕላን፣ ፈተና፣ ስብሰባ። «ዘ ባስ ሊቭስ አት ሲክስ» ይባላል። ሰዓቱን መቀየር አትርሱ። የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት የእነሱ 6 ነው። ለፈረንጅ እንግዳ «ትዌልቭ» ብላችሁ ሰውየው እኩለ ቀን ላይ መናኸሪያ ቢገኝ ያሳዝናል።

ደረጃ 4፦ «ለብሳለች» እና ወንድሞቹ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ለሁሉም አገር ሰው የሚጻፉ መማሪያ መጻሕፍት ይህን አይነግሩንም።

አማርኛ አንድን ድርጊት ፈጽመን ውጤቱ ላይ ስንቆይ ያለቀ አድርጎ ይናገረዋል። ቀይ ቀሚስ ያደረገችን ሴት «ቀይ ለብሳለች» እንላለን። «ቀይ እየለበሰች ነው» ካልን ገና እጇን እያስገባች ነው ማለት ነው። «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ተኝቷል»፣ «ይዟል»፣ «ተደግፏል» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ይህን ያየ ተማሪ «ሺ ሃዝ ዎርን ሬድ» ሊል ይችላል። ወይም ሲምፕሉን መርጦ «ሺ ዌርስ ሬድ» ይላል። ያ ደግሞ «ቀይ ታዘወትራለች» ማለት ነው። ትክክለኛው «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ሬድ» ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁኔታዎች ለጊዜው የቆዩ ድርጊቶች አድርጎ ያያቸዋል። ትለብሰዋለች፣ ማታ ታወልቀዋለች። ማብቂያ አለው።

ስለዚህ «ተቀምጧል» «ሂ ኢዝ ሲቲንግ» ነው። «በር ላይ ቆማለች» «ሺ ኢዝ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር» ነው። «ቦርሳ ይዣለሁ» «አይ አም ካሪይንግ ኤ ባግ» ነው። «ሕፃኑ ተኝቷል» «ዘ ቤቢ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበላችሁ ለሚመጣ ሰው ስልክ ላይ መልካችሁን ስትነግሩት የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው፦ «አይ አም ዌሪንግ ኤ ብሉ ጃኬት፣ አይ አም ስታንዲንግ ኒር ዘ ኤግዚት»።

ሰው የሚንከባከቡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አሜሪካ አረጋውያንን የሚረዱ አሉ፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። ለእነሱ ይህ የየቀኑ ጉዳይ ነው። አሠሪ ደውላ ስለ ልጁ ስትጠይቅ «ሂ ስሊፕስ» ከተባለች መልስ አላገኘችም። «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ስትባል ታርፋለች። ለነርስ ስትደውሉም «ሺ ደዝንት ኢት» ካላችሁ የቆየ ጠባይ ይመስላል። «ሺ ኢዝ ኖት ኢቲንግ» ስትሉ ግን አዲስ ነገር መጥቷል፣ ተመልከቱልኝ ማለታችሁ ነው። ነርሷ የምትጠይቃችሁ ቀጣይ ጥያቄ ሁሉ ይለያል።

ደረጃ 5፦ «ኢንግ» የማይወዱትን ግሶች በአማርኛ ለዩአቸው

ማወቅ፣ ማመን፣ መውደድ፣ መፈለግ፣ መረዳት፣ የእኔ ነው ማለት። እነዚህ ድርጊት አይደሉም፤ ሁኔታ ናቸው። ስለዚህ በዚህች ደቂቃ ቢሆኑም በተራው ቅርጽ ይነገራሉ። «አሁን ገባኝ» «ናው አይ አንደርስታንድ» ነው። «አይ አም አንደርስታንዲንግ» ማለት ያስቸግራል። «ቃል እገባለሁ» እና «ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚባሉትም በተናገርንበት ቅጽበት የሚፈጸሙ ናቸው። «አይ ፕሮሚስ»፣ «አይ አፖሎጃይዝ» በሉ።

ችግሩ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ሁለት መልክ ሲኖረው ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ይረዳናል። እኛ ሁለት ቃል ስላለን ምርጫው ተሠርቶልናል።

«ይመስለኛል» ካላችሁ «አይ ቲንክ» ነው። «እያሰብኩ ነው» ካላችሁ «አይ አም ቲንኪንግ» ነው። «ይዘንባል መሰለኝ» ሲሆን «አይ ቲንክ ኢት ዊል ሬይን»። «መኪና ልግዛ እያልኩ እያሰብኩ ነው» ሲሆን «አይ አም ቲንኪንግ ኦፍ ባዪንግ ኤ ካር»።

«አለኝ» ሁሌም «አይ ሃቭ» ነው። «ሁለት ልጆች አሉኝ» ለማለት «አይ አም ሃቪንግ ቱ ቺልድረን» አትበሉ። «ምሳ እየበላሁ ነው» ግን «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ይሆናል። መያዝ ሳይሆን መብላት ነውና።

ወጡን አማስላችሁ በማንኪያ ስትቀምሱ «አይ አም ቴስቲንግ ኢት» ነው። ወጡ ጨው ጨው ሲል ደግሞ «ኢት ቴስትስ ሶልቲ» ነው። ቀማሹ ሰው «ኢንግ» ይወስዳል፤ ወጡ አይወስድም። ማሽተትም እንደዚሁ ነው። ቡናውን ስናሸት እናሸታለን፤ ቡናው ግን በራሱ ይሸታል፦ «ዘ ኮፊ ስሜልስ ጉድ»።

«መፈለግ» ላይ ግን አማርኛ አይረዳንም፤ ያጠምደናል። አንዱ ቃል ሁለት ነገር ነው። «ሥራ እየፈለግኩ ነው» የሚል ሰው ከቦታ ቦታ እየዞረ ነው። «አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ጆብ» ይበል። «ውሃ እፈልጋለሁ» የሚል ግን የሚዞርበት የለም። «አይ ዎንት ዎተር» ነው። «አይ አም ዎንቲንግ» ከሁለቱም አይሆንም።

ስልክ ላይ «እየሰማሁህ ነው» ስንልም ሁለት ሐሳብ አለ። ጆሮዬን ሰጥቼሃለሁ፣ ቀጥል ከሆነ «አይ አም ሊስኒንግ» ነው። ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ድምፅህ ይደርሰኛል ከሆነ «አይ ካን ሂር ዩ» ነው። «ይሰማሃል?» ለማለትም «ካን ዩ ሂር ሚ?» በሉ።

አሁን አንዱ «ማክዶናልድስስ?» ሊለኝ ይችላል። የዚህ የአሜሪካ የፈጣን ምግብ ድርጅት የማስታወቂያ መፈክር «አይም ላቪን ኢት» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዓለምን ዞሯል። «ላቭ» ሁኔታ ከሆነ ለምን «ኢንግ» ገባበት? ሆን ተብሎ ነው። «እወዳለሁ» ብቻ ሳይሆን «ይኸው አሁን እየበላሁ እየተደሰትኩ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣል። ወዳጅ ለወዳጅ ሲያወራ እንዲህ ይባላል። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው «አይም ላቪንግ ኢት» ቢል ያምርበታል። ፈተና ላይና ደብዳቤ ላይ ግን ተራውን ጻፉ።

ደረጃ 6፦ «እየ» ባያችሁ ቁጥር እጃችሁ ወደ «ኢንግ» አይሂድ

«እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ።» እዚህ ውስጥ ያለው «እየ» መደጋገምን ነው የሚያሳየው። በሂደት ላይ ያለ ነገር የለም። ልማድ ነው፤ ስለዚህ «አይ ቪዚት ሀር ኦን ሰንዴይስ»።

ሁለተኛው ወጥመድ የቆይታ ልክ ነው። «እዚህ 3 ዓመት እየሠራሁ ነው» ስንል ብዙዎቻችን «አይ አም ዎርኪንግ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» እንላለን። ከመቼ ወዲህ፣ ለስንት ጊዜ የሚል ከገባ ሁለቱም የአሁን ጊዜዎች አይሠሩም። «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ነው። ይህን ስህተት እንግሊዝኛቸው ጥሩ የሆነ ሰዎች ሁሉ ይሠሩታል። በሥራ ማመልከቻ ላይ ደግሞ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። እባካችሁ ተጠንቀቁለት።

ደረጃ 7፦ በ«ስ» የሚጀምሩትን ሐረጎች ተመልከቱ

«ስትደርስ ደውልልኝ» ስለ ወደፊት ነው። ግን «ኮል ሚ ዌን ዩ አራይቭ» ይባላል። እንዲህ ባለ ሐረግ ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» አይገባም። «ዩ አር አራይቪንግ»ም እዚህ አይሆንም። መድረስ የአንድ ቅጽበት ነገር ነው። ነገሩ ረዘም ብሎ እኛ መሐሉ ላይ ስንሆን ግን «ኢንግ» ይመጣል። «ስነዳ ስልክ አላነሳም» ለማለት «አይ ዶንት አንሰር ዘ ፎን ዌን አይ አም ድራይቪንግ» በሉ። አለማንሳቱ ልማድ ነው። መንዳቱ ደግሞ ስልኩ ሲጠራ በመሐል ላይ ያለ ነገር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ጊዜዎች ተገናኙ ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ የጊዜ ቃላትን ለማረጋገጫ ተጠቀሙ

«ኤቭሪ ዴይ»፣ «ዩዡዋሊ»፣ «ኔቨር» ወደ ሲምፕል ይስባሉ። «አት ዘ ሞመንት»፣ «ዚስ ዊክ»፣ «ዚዝ ዴይስ» ብዙ ጊዜ ወደ ኮንቲኒዩስ ይስባሉ። ግን እነሱን አይታችሁ አትወስኑ። በ«እስከ መቼ?» ወስኑ፤ ከዚያ በእነሱ አጣሩ። «ኦልዌይስ» ለምሳሌ የልማድ ቃል ነው። ሆኖም «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሉዚንግ ሂዝ ኪስ» ይባላል። ቁልፉን ዘወትር ይጥላል፤ ተናጋሪው ተማሯል። «ሂ ኦልዌይስ ሉዝስ ሂዝ ኪስ» ቢል መረጃ ብቻ ይሆን ነበር። ስለ አለቃችሁ ስታወሩ ይህን አስታውሱ።

ደረጃ 9፦ በራሳችሁ ቀን ተለማመዱ

የመልመጃ መጽሐፍ አያስፈልግም። ማታ ስልካችሁን አውጡ። በቀኑ ውስጥ በአማርኛ የላካችኋቸውን አጫጭር መልእክቶች ተመልከቱ። «መንገድ ላይ ነኝ»፣ «እየጠበቅኩሽ ነው»፣ «ደክሞኛል»፣ «ነገ እንገናኛለን»፣ «መብራት የለም»፣ «ኢንተርኔቱ አይሠራም»። 10 ያህሉን ምረጡ። አጠገባቸው «እስከ መቼ?» የሚለውን መልስ በአማርኛ ጻፉ፤ ከዚያ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ሂዱ።

የመጨረሻውን አብረን እንሥራው። «ኢንተርኔቱ አይሠራም።» ጠዋት ይሠራ ነበር፤ ማታ ይመለሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ «ዘ ኢንተርኔት ኢዝ ኖት ዎርኪንግ»። የድሮው ሬዲዮ ደግሞ ከተበላሸ ዓመታት አልፈውታል፤ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ተቀምጧል። «ዘ ኦልድ ሬዲዮ ደዝንት ዎርክ»። ለመሆኑ «ተቀምጧል» ያልነውንስ? ለሰው ቢሆን «ኢዝ ሲቲንግ» ነበር። ሬዲዮው ግን ማንም ካልነካው እዚያው ነው። እንግሊዝኛም «ኢት ኢዝ ኦን ዘ ሼልፍ» ብሎ ያልፈዋል።